የጎረቤቴ የጉራም ባክቴሪያዎች

ጎረቤቴ ጉራም ካንሰር እንደሌለባቸው የሰማሁት ከወገቤ በላይ ባዶ የወይን ጋን ውስጥ ተዘቅዝቄ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረውን ጋን ለአዲሱ ወይን ስፈገፍግ፣ ሚስቱ ላማራ በአጥሩ በኩል ጮኸች።

"አንተ ኦታር! ከቴላቪ ሐኪም ቤት ደወሉ! አይደለም አሉ! ተራ ቁስል ነው!"

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ምን ይላል? ስለ ባክቴሪያዎቹ ማንም አልጠየቀኝም ብሎ አኩርፏል።"

ከጋኑ ወጥቼ አፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሞች ገና ያልሰሙትን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ጎረቤት የሌለው መንደር በዓለም ላይ የለም። የእኛው ሊቀ ጠበብት ጉራም ናቸው። "ሳይንስ ደርሶበታል!" ካሉ አለቀ።

በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ፣ ከልጣጩ የሚወጣ፣ ለልብ የሚበጅ ነገር አለ ሲባል የሰሙ ዕለት ከቁርስ በፊት መጠጣት ጀመሩ። ኋላ ሌላ ጋዜጣ፣ ይህን ጥቅም ለማግኘት በበርሜል መጠጣት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መድኃኒት አይባልም ብሎ ጻፈ። ጋዜጣውን ይዤላቸው ሄድኩ።

"እና? ጆርጂያዊ መቼ ነው ሥራ በዛብኝ ያለው?" አሉና ቀዱ።

ቀጥሎ የቆዳ ባክቴሪያ መጣ። ቆዳችን ላይ ከሚኖሩት ብዙዎቹ እንደማይጎዱን፣ እንዲያውም ከክፉዎቹ እንደሚጠብቁን አነበቡ። ይህስ እውነት ነው። እርሳቸው ግን ሳሙና ተዉ።

"እኔ እኮ አንድ ሰው አይደለሁም፤ አገር ነኝ! የገዛ ዜጋዬን ላባርር?"

"እንግዲያው ከነዜጎችህ ውጣልኝ" ብላ ላማራ አልጋቸውን ወይን ጠጅ ማስቀመጫው ቤት አወጣችላቸው።

የወይን መርገጫው ቀን ሁላችንም እግራችንን በሳሙና ፈትገን ገንዳው ውስጥ ስንገባ፣ እርሳቸው በውኃ ብቻ ለቅለቅ አድርገው ይገባሉ። ወይኑን የሚያፈላው ልጣጩ ላይ ያለው እርሾ ነው ብንላቸው፣ "የእኔዎቹ ያግዙታል" ይላሉ። የዚያን ገንዳ ወይን ጠጅ ለእንግዳ አናቀርብም።

ዘንድሮ ተረከዛቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ቢባሉ የወይን አተላ ለጠፉበት። "ልጣጩና ባክቴሪያው ይነጋገሩበት" አሉ። ቁስሉ ጠቆረ። የባለቤቴ የኤተሪ ሕመምም የጀመረው እንዲህ በትንሽ ነገር ነበር። ስለዚህ፣ የቴላቪ ሐኪሞች ሳሙና የማያውቅ ቆዳ ሊያዩ ጓጉተዋል አልኳቸው። ከረባት አስረው ሄዱ። ሐኪሞቹም ከቁስሉ ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱ።

ኤተሪን ከቀበርን ወዲህ ጉራም ማታ ማታ ሳያንኳኩ ይገባሉ። አንድም ቀን "አይዞህ" ብለውኝ አያውቁም። "ሳይንስ ደርሶበታል!" ይላሉ፤ "ውሸት ነው" እላለሁ፤ እንቅልፍ እስኪጥለን እንከራከራለን። ውጤቱን ስንጠብቅ ግን አልመጡም። ቤቴ ውስጥ ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚናገር አልነበረም።

አሁን ቁስላቸውን በየቀኑ በሳሙና እንዲታጠቡ ታዘዋል፤ እስኪድን ወይን መርገጥም ተከልክለዋል። ቅድም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "በል አንተ ርገጥልኝ። እግርህ ሳሙና ሳሙና ቢልም ምን ይደረጋል" አሉኝ።

ወይን የምረግጠው ሁልጊዜ ከኤተሪ ጋር ነበር፤ ያለ እርሷ ገንዳ ገብቼ አላውቅም። የእርሳቸውም የእኔም ወይን ተለቅሞ ገንዳው ውስጥ ነው። እስካሁን ካልሲዬን አላወለቅኩም።