ቲቸር ምንዋጋው «ደርሰናል» ሲሉ

የእርጥብ ጠመኔ ሽታ ሲመጣባት ያለምዘውድ እስከ ዛሬ ትደነግጣለች። «አንቺ! ሰሜን የት ነው?» የሚለው የጂኦግራፊ መምህሯ የቲቸር ምንዋጋው ድምፅ አብሮ ይመጣላ! ሰቆጣ ሰባተኛ ክፍል ሳለች በጣቷ የጠቆመችው ሁሉ አንድም ቀን ሰሜን ሆኖ አያውቅም።

ሳይጠየቅ መንገድ የሚያሳይ ሰው የሌለበት አገር የለም። ሰቆጣ ግን ክቡር ሊቀ አቅጣጫ ቲቸር ምንዋጋውን ይዛ ሌላውን ሁሉ ታስንቃለች። ጡረታ ሲወጡ ከተማው እፎይ ሊል ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ዓረብ አገር ወደብ ላይ የሚሠራው ልጃቸው ለጀልባ የተሠራ ጂፒኤስ ላከላቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ቀብር ላይ «ጉድጓዱ ወደ ምሥራቅ አልቀናም» ብለው ቆፋሪዎቹን ያስቆማሉ። በበጋ ከተከዜ ግድብ ሐይቅ ዳር ተነሥተው፣ ፊት ለፊት ቁልጭ ብሎ ወደሚታየው ጤና ኬላ መሣሪያውን አብርተው በእግራቸው ሲወጡ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቃል። እሳቸው ግን «መንገዱ መሣሪያው ላይ ተመዝግቧል!» ይላሉ በኩራት።

ያለምዘውድ የዚያ ጤና ኬላ ሠራተኛ ናት። በመስከረም ወር በአንዱ ጧት የሕፃናት ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዛ በሞተር ጀልባ ስትሻገር ቲቸር አጠገቧ ተሰየሙ። ማዶ፣ ከዚያው አካባቢ ከዝቋላ ወረዳ ገደላገደል ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ እናቶች ይጠብቋታል። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ተበላሸ ማለት ነው።

መሐል ሲደርሱ ጉም ወረደ። ምሳው የተባለው ጀልባ ነጂ አቅጣጫ የሚይዝበት ተራራ ጠፋ።

«በሉ እንግዲህ ቲቸር፣ መሣሪያዎን ያናግሩልን!» አለ ምሳው።

ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀጥታ! ትንሽ ወደ ግራ!» ጥቂት እንደሄዱ ጂፒኤሱ ጢጥ ጢጥ አለ።

«ደርሰናል!»

ዙሪያው ውኃ ነው።

«እንግዲያው እርስዎ ቀድመው ይውረዱ» አለ ምሳው።

ቲቸር መሣሪያውን አገላብጠው አዩት። ያለምዘውድ ሲጠራጠሩ አይታቸው ስለማታውቅ ፈራች። የጀልባ መቆሚያውን የመዘገቡት በበጋ፣ ውኃው ሲሸሽ ነበር፤ ክረምቱ ግድቡን ሞልቶ መቆሚያውን ውጦታል። ምሳው ሞተሩን አጠፋ። ከሥር ውኃው የዋጣቸው ዛፎች አሉ፤ ጀልባዋ በዚህ ጉም ውስጥ ግንድ ከመታች ሞተሩ አለቀለት። ያለምዘውድ ሳጥኗን አቀፈች።

«የእግር መንገዴ!» ብለው ቲቸር ድንገት ጮኹ። «በበጋ የሄድኩበት! ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ዛፍ አይቆምም። ከነጠመዝማዛው ተመዝግቧል!»

ምሳው ሞተሩን አስነሣ፤ ጀልባዋ የቲቸርን ዱካ ተከትላ በውኃው ላይ ዳገቱን ትወጣው ጀመር። አንድ ቦታ ያለ ምክንያት ወደ ጎን ወጣ ብላ ተመለሰች።

«እዚህ ጋ ደግሞ ምን ነበር?» አለ ምሳው።

«ሽንት ይዞኝ ነበር» አሉ ቲቸር፣ ወደ ውኃው እያዩ።

ብዙም ሳይቆዩ ከጉሙ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ያለምዘውድን እንዲህ የጣፈጣት ልቅሶ የለም።

ጤና ኬላው ገብታ ሳጥኑን ስትከፍት በረዶው እንዳለ ነው። እፎይ! ቲቸር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ምን ብላ ታመስግናቸው? ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሰረች።

«ቲቸር፣ ሰሜን በዚያ ነው።»

ተነሡ። መሣሪያቸውን አዩ፤ ጣቷን አዩ። ከዚያ ጣቷን ያዝ አድርገው ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉላትና፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉ ወጡ።