የወይዘሮ አስካለ ቁጣ

ካልጮኹ መልካም መሥራት የማይሆንላቸው ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እዚህ ዲላ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ወይዘሮ አስካለ እንዲህ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ጎረቤት ወረዳ ቡሌ ድረስ የሚሰማ ይመስለኛል።

ዘንድሮ የምሠራበት ቡና ማጠቢያ ሥራ ሲያቆም የልጄን ምሳ መክፈል አቃተኝ። ያልተከፈለላቸው ልጆች ደግሞ በምሳ ሰዓት ከአዳራሹ ወጥተው ጓሮ እንዲቀመጡ ታዘዘ። ልጄ እንደነገረችኝ፣ ወይዘሮ አስካለ ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጥተው ጮኹባቸው።

"እናንተ ሥራ ፈቶች! ኑ ድስት እጠቡ!"

ልጆቹ ተከትለዋቸው ወጥ ቤት ገቡ። ድስቱ ውስጥ ግን ገና ሽሮ አለ።

"ሳያልቅ እንዴት ይታጠባል? ብሉና ጨርሱት!"

ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። "ምን አጥፍተው ነው?"

"እየቀጣኋቸው ነው!"

ርዕሰ መምህሩ የልጆቹን ሽሮ የነካው ጉንጭ አዩ። ትንሽ አሰቡና፣ "ጥፋታቸው ከባድ ነው። ቅጣቱ ትምህርት እስኪዘጋ ይቀጥል" ብለው ሄዱ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ አለቀስኩ። በማግስቱ ላመሰግናቸው ሙዝ ይዤ ወጥ ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ አስካለ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ልጅሽ ድስት ማጠብ አትችልም! እንዴት ነው ያሳደግሻት?"

"ይቅርታ እትዬ።"

"አንቺስ ምሳ በልተሻል?"

የያዝኩትን ሙዝ ዘረጋሁላቸው። ሳህን አስጨበጡኝና አስቀመጡኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" ልል አፌን ስከፍት፣ "በምግብ ሰዓት አይወራም!" ብለው ጮኹብኝ።