ጋሽ ሳህሉና የሮም–ቪየና በረራ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ የበረራ ሊቅ አይጠፋም። አብራሪ አይደለም፤ አስተናጋጅም ሆኖ አያውቅም። ግን ከየትኛው የአውሮፓ ከተማ ተነስቶ የትኛው ለመግባት ምን ያህል እንደሚፈጅ ከእሱ የተሰወረ የለም። የእኛ፣ አሜሪካ ውስጥ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ፣ ሊቅ ክቡር ጋሽ ሳህሉ ናቸው።

ትኬት ከመቁረጡ በፊት ለእሳቸው ኮል የማያደርግ የለም። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቅርብ እኮ ነው!» ማድሪድና ፓሪስ? «ቅርብ እኮ ነው! ቀበቶህን አስረህ ሳትጨርስ ፍታ ይሉሃል።» አቴንስና ኦስሎ? «እሱስ ትንሽ ይርቃል፤ አንዴ ታንቀላፋለህ።» ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እንኳ ከፍራንክፈርት የሚመጣ ዘመድ ሲጠበቅ ሰዓታቸውን አይተው «አሁን አየርላንድን ለቀቀ» ይላሉ። ለቀስተኛው እንባውን ገታ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል።

ባለፈው እህቴ ስሂን፣ ቪየና የወለደች ልጇን ማኅደርን ልታርስ ተነሳች። ቀጥታ በረራ እንዳለ ነገርኳት። ጋሽ ሳህሉ ተቆጡ። «ሮምን ሳይረግጡ ቪየና? ነውር ነው!» በሮም በኩል ሆነ።

አውሮፕላኑ ውቅያኖሱ ላይ ሲናጥ አደረ። ስሂን ሮም ወርዳ ሁለተኛ ላትሳፈር ማለች። «በእግሬ እሄዳታለሁ!» አለችኝ በስልክ እያለቀሰች። አንዱ በረራ ጥሏት ሄደ፤ የቀረው የዕለቱ የመጨረሻ ነው። አጠገቤ የነበሩት ጋሽ ሳህሉ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ስሂንዬ፣ ከሮም ቪየና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል!»

«ጋሼ፣ እርስዎ መሬት ላይ ሆነው ነው እኮ የሚያወሩት!»

«እንግዲያው እንወዳደር። አንቺ ስትነሺ እኔና ወንድምሽ ከዚህ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እንነሳለን። አንቺ በአየር፣ እኛ አርብ ከሰዓት በተጨናነቀው የቀለበት መንገድ፣ በቤልትዌይ። ከቀደምንሽ ስለ አውሮፕላን ሁለተኛ አልናገርም!»

ስሂን እያለቀሰች ሳቀች። የእሳቸው ዝምታ ይህን ያህል እንደሚያጓጓ ያን ቀን አወቅሁ፤ ተሳፈረች።

እኛም ነዳን። ኮሌጅ ፓርክ ጋ መንገዱ ቆመ።

«አድሪያቲክ ላይ ናት!» አሉ ጋሽ ሳህሉ። እኛ አንድ የቆሻሻ መኪና ኋላ ነን።

«አልፕስ!» እኛ እዚያው የቆሻሻ መኪና ኋላ ነን።

ሆዴን ይዤ ስስቅ ድንገት እጃቸውን አየሁት። የበሩን እጀታ ጨምድደው ይዘዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እፈራለሁ። ያን ጊዜ ‹ስንት ቀረን?› እያልኩ አስተናጋጇን አሰለቸኋት። መቼ እንደሚያልቅ ስታውቀው ፍርሃት ይቀልልሃል፣ ልጄ። ለሰው የምነግረውም ለዚሁ ነው።»

ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንደርስ የመኪናው ስፒከር ጮኸ።

«ገባሁ! ማኅደር ይኸው ልጁን ታቅፋ መጥታለች! እናንተስ?» ከኋላዋ ጨቅላው ያለቅሳል።

«ገና ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነን» አልኩ።

«ተሸነፍን!» ብለው ጋሽ ሳህሉ በደስታ ጮኹ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው አጠገባችን ለቆመው ፈረንጅ በእንግሊዝኛ «ቪየና ገባች!» አሉት። ሰውዬው ማን እንደገባች ባያውቅም አውራ ጣቱን አንስቶ ጡሩምባውን ነፋ። የኋላውም ነፋ። ጋሽ ሳህሉ በተቀመጡበት እስክስታቸውን ያወርዱት ጀመር። እኔም እጄን ጡሩምባው ላይ ጫንኩ፤ መንገዱ ሲከፈት እንኳ ለመንቀሳቀስ ልቤ አልፈቀደም።