እሳት የሰረቀው አምላክና የኮምቦልቻው ዘበኛ

ለራሱ ሆድ ሲል ሕግ ለሚጥስ ሰው ተረት አላጣንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን እንዲያውም እናደፋፍረዋለን። ለሰው ሆድ ሲል ለሚጥሰውስ? ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ፈልጌ ፈልጌ አላገኘሁለትም። እናንተ ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ እስከዚያው ከግሪኮች ልዋስ።

የግሪኮች አማልክት (መቼም አማልክት ሲበዙ ቢሮ መክፈታቸው አይቀርም) እሳትን ለራሳቸው ይዘው «ለሰው ልጅ አይፈቀድም» ብለው ነበር አሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስሙ ምላስ ያስራልና ይቅርብኝ፣ ሰዎች ጥሬ ሲበሉና በብርድ ሲንዘፈዘፉ አይቶ አላስችለው ቢል ፍሙን በሸምበቆ ደብቆ አወረደላቸው። የአማልክቱ አለቃ ተቆጣ። ከገደል ጋር በሰንሰለት አሳስሮ አሞራ በየቀኑ ጉበቱን እንዲበላው ፈረደበት። ጉበቱ ሌሊት ሌሊት ይበቅላል፤ አሞራው ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ሰዓት አክባሪ አሞራ ነው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንምጣ። ጎረቤቴ አያ ሰይድ የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ሕጉ አጭር ነው፦ ሠራተኛ ፈረቃው ሳያልቅ አይወጣም፤ እንግዳ ያለ ፈቃድ አይገባም። ከደሴ ዙሪያ መጥታ እዚያ የምትሠራው ዘሀራ ግን ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። ልጇ ጡጦ አልይዝም አለ። እናቷ በየቀኑ ቀትር ላይ የሚጮኸውን ሕፃን አዝለው ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ፤ ዘሀራ ከውስጥ ትሰማለች። ሥራውን እንዳትተወው የሦስቱም እንጀራ እሱው ነው።

የጥበቃ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ግቢ። አያ ሰይድ ሁለቱን በሮች አየት አየት አደረጉና «አብሽሪ ልጄ፣ እናትሽ በዚህ ትግባ፣ አንቺ በዚያ ግቢ። አንቺም አልወጣሽ፣ እሷም አልገባች» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቀትር በሆነ ቁጥር ዘሀራ ታጠባለች፤ አያ ሰይድ ጀርባቸውን ሰጥተው ውጭ ይቆማሉ።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ ሰው ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው መጡና በሩ ላይ ጥሩንባ አስነፉ። ሌላ ዘበኛ ቢሆን ሴቲቱን በጓሮ አስወጥቶ በሩን በሰላምታ ይከፍት ነበር። አያ ሰይድ ወደ መኪናው ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታዬ ቀስ ይበሉ፣ ልጅ እየጠባ ነው። ይደነግጣል» አሏቸው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሠራተኛው ሁሉ «ያየነው የለም» ሊል ተማክሮ ነበር፤ የሚጠይቀው ግን አልተገኘም።

«እውነት ነው?» አሏቸው አያ ሰይድን።

«ወላሂ እውነት ነው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ከእሁድ በቀር በየቀኑ።»

ይቅርታ ይጠይቁ እንደሆነ ዕድል ሰጧቸው። «ልጁ እኮ ወፈረ» አሉ። ተሰናበቱ። ዘሀራ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ሕፃኑም ከአጥሩ ውጭ ወደ ለቅሶው ተመለሰ።

ላጽናናቸው ሄጄ የግሪኩን ታሪክ ነገርኳቸው። ጭራሽ ተቆጡ። «እሳት ለጎረቤት የሚከለክል ምን ዓይነት አገር ነው? እኛ ገል ይዞ ለመጣ ሁሉ ፍም እናስጭር የለም እንዴ?» ቀጥለው ደግሞ «አሞራውስ ይብላ። ጉበቱን ሌሊት የሚያበቅልለትን ግን አልነገርከኝም» አሉኝ።

ወር ሳይሞላ ፋብሪካው በር ላይ ማኅተም ያለው ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሚያጠቡ እናቶች በምሳ ሰዓት ጥበቃ ቤቱ ውስጥ እንዲያጠቡ ተፈቅዷል ይላል። እኒያ ትልቅ ሰው «መልካም አሠራር» ብለው ሪፖርት ላይ አስፍረውት ኖሯል። ደስ አለኝ፤ አያ ሰይድ ይመለሳሉ ብዬ ወደ ቢሮው ሮጥኩ። አንድ ትሑት ሰው አስቀምጦ አስረዳኝ፦ የአቶ ሰይድ ጥፋት የተፈጸመው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ነው።

በጣም ተናድጄ ተመልሼ ነገርኳቸው።

«ዘሀራ ታጠባለች?» አሉ።

«ታጠባለች።»

«አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ «ቆይ ግን መምህር፣ ማስታወቂያው እስኪወጣ ልጁ ምን ይጥባ ብለው ኖሯል?» አሉ።

ጥያቄውን ይዤ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ትሑቱ ሰው ብዙ አሰበና «በጽሑፍ ያቅርቡ» አለኝ።

ይኸው፣ አቅርቤያለሁ።