ላሟን የማይመዝኑት ክቡር ሚኒስትር

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢደመር ስንት ይመጣል? ፍልስፍና በተማርኩበት ዘመን ለዚህ ጥያቄ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ክቡር አቶ ክፍሉ ግን ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ ይመልሱልዎታል፦ «በዓመት አሥራ ሁለት ፐርሰንት፤ ያውም በየወሩ የሚከፈል!»

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው የገንዘብ ሚኒስትር የሆነ ሰው አይጠፋም። በባሕር ማዶው የሐበሻ ሰፈራችን በፌርፋክስ፣ ሚኒስትሩ አቶ ክፍሉ ናቸው። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ቁጠባቸውን እንዳለ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን ገበያ ላይ እያዋለ ከፍተኛ ገቢ ይከፍላል የተባለ ፈንድ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ክርስትና ቤት ሕፃኑን ስመው «ምን አክሲዮን ተገዛለት?» ይላሉ። ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሟቹ ገንዘብ የት ነበር የተቀመጠው?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ቀን ጨክኜ ተናገርኳቸው።

«በየወሩ መክፈሉን ይከፍላል። ግን የፈንዱ ዋጋ እያነሰ ነው። የገዛ ገንዘብዎን ቆርሶ እያጎረስዎት ቢሆንስ?»

«አይ ፈላስፋው! ላሟን ምን አስመዘነዎት? ወተቱን ይጠጡ!»

አምና ደግሞ የእድራችን ገንዘብ ባንክ ተኝቶ ከሚያንኮራፋ ወደዚሁ ፈንድ ይግባ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢያችን እትዬ ዓለምፀሐይ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋሼ ክፍሉ፣ ሰው ገበያ አይቶ ነው የሚሞተው?»

«ኧረ አይደለም።»

«ሶ፣ ገበያው በወደቀ ሳምንት አንዳችን ብንሞት በኪሳራ ሸጠን ልንቀብር ነው?»

«ያው… ትንሽ መታገስ ነው።»

«ማን? ሬሳው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ራሳቸው ክቡርነታቸው ነበሩ። ሐሳባቸው ግን ደጋፊ አላገኘም።

እውነቱን ልናገር፤ እቀናባቸዋለሁ። እኔ ጥቅሙንና አደጋውን ሳመዛዝን ገንዘቤም አብሮኝ አረጀ። እሳቸው ክፍያዋ በገባች ቁጥር ያገኙትን ሰው ሁሉ ሰብስበው ክትፎ ይጋብዛሉ። ብቻቸውን የበሉባትን ወር አላስታውስም።

ዘንድሮ ፈንዱ ክፍያውን በግማሽ ቀነሰ። ዋጋውም ወረደ፤ ሸጠው እንዳይወጡ ኪሳራው አስፈራቸው። በእድሩ ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ስለ ፐርሰንት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ ወርሃዊው መዋጮ ከብዶኛል። ሳልከፍል በእናንተ ገንዘብ መቀበር ደግሞ ነውር ነው። ኦኬ፣ በቃ፣ ስሜን ሰርዙልኝ።»

እትዬ ዓለምፀሐይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንብ ደንብ ነው። ይሰረዙ የምትሉ እጅ አውጡ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንድም እጅ አልወጣም።