አንድ ባልዲ አፈር ለራዲዮው

ሐሙስ፣ መጋቢት ፯ ቀን። ከጀልባዋ የጉዞ መዝገብ፣ የመጨረሻው ገጽ፣ በባለቤቱ እጅ የተጻፈ፦ «የረጅም ርቀት ራዲዮው ተገጠመ። አንቴናው ቆመ። የኧርዙ መስመር ነገ።» ባለቤቱ በማግስቱ ሳይነጋ አረፈ። መስመሩ ለሃያ ሦስት ቀን እንደነበረ ቆየ።

[ቅዳሜ፣ መጋቢት ፴፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ከእንጨት የተሠራች ጀልባ ወደብ ላይ ታስራ ቆማለች። አማች፣ ማለትም የሟቹ ሴት ልጅ ባል፣ የሕንፃ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አፈር የሞላ ባልዲ ይዞ መወጣጫው ላይ ቆሟል። ሞተረኛ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መጥረጊያውን አጋድሞ መንገዱን ዘግቶበታል።]

ሞተረኛ፦ አላስገባም አልኩ፣ አላስገባም።

አማች፦ ጋሼ፣ ባልዲው እኮ ከብዶኛል!

ሞተረኛ፦ ታዲያ አስቀምጠዋ። እዚያው ካመጣህበት።

አማች፦ ያመጣሁበትማ መሬት ነው።

ሞተረኛ፦ የአፈር ቦታው መሬት ነው። ይህን ወለል አሁን ነው የጠረግኩት። ያውም ሁለቴ።

አማች፦ ለራዲዮው ነው የማስገባው!

ሞተረኛ፦ ራዲዮው ሊዘራ ነው?

አማች፦ ኤጭ! ጋሼ፣ በዚህ ከተማ የአርባ ሕንፃ መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ኧርዝ የሌለው መስመር ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው። ኧርዝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?

ሞተረኛ፦ ወንድሜ ነግሮኝ ነበር። ከታች…

አማች፦ ቆይ፣ እኔ ላስረዳዎት። የመዳብ ዘንግ ይወስዳሉ፣ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል፣ ከመሣሪያው የመጣውን ሽቦ ያስሩበታል፤ ትርፉ ኃይል ወደ መሬት ይወርዳል። አለቀ። ሕንፃው ሁሉ እንዲህ ነው የቆመው።

ሞተረኛ፦ ሕንፃው ሥር ያለው አፈር ስንት ባልዲ ይሆናል?

አማች፦ ምን?

ሞተረኛ፦ አይ፣ አንተ አንድ ብቻ ይዘህ ስለመጣህ ነው።

አማች፦ ሕንፃ ትልቅ ነው፣ ብዙ አፈር ይፈልጋል። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ባልዲ ይበቃታል። ሒሳብ ነው ጋሼ!

ሞተረኛ፦ ሒሳቡስ ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩቅ ጣቢያው ራዲዮአችንን ሊሞክር ይጠብቀናል። ድምፃችን ካልደረሰ የረጅም ጉዞ ፈቃዱ ተሰረዘ። ፈቃዱ ከተሰረዘ ደግሞ አማትህ ሰኞ ጀልባዋን እሸጣለሁ ብለዋል።

አማች፦ እኔም ሰምቻለሁ። ለዚያ አይደል ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት?

ሞተረኛ፦ እኔና ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት ነው የሠራናት። የማላውቀው ሳንቃ የለም። ብትሸጥ እኔ የት ነው የምገባው?

አማች፦ እንግዲያው ያስገቡኛ!

[ሞተረኛ መጥረጊያውን ቀስ ብሎ ያነሳል። አማች ሲገባ ከባልዲው አንድ ጭብጥ አፈር ይፈስሳል። ሞተረኛ ይጠርገዋል።]

[ስምንት ሰዓት ከሃያ። ራዲዮው ያለበት ክፍል። ባልዲው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከመካከሉ ዘንግ ተተክሎበታል፤ ከዘንጉ ቀጭን ሽቦ ወደ ራዲዮው ይሄዳል።]

አማች፦ አዩ? ይህ ነው ሙያ! አሁን ሰዓቱ ሳይደርስ እንሞክረው።

ሞተረኛ፦ የአበባ ማሰሮ ይመስላል።

አማች፦ ዝም ብለው ይመልከቱ። [ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ] ሩቅ ጣቢያ፣ ሩቅ ጣቢያ፣ ይሰማል? ኡፍ! ነከሰኝ!

ሞተረኛ፦ ማን?

አማች፦ ማይኩ! ከንፈሬን!

ሞተረኛ፦ ራዲዮ ጥርስ የለውም።

አማች፦ ነዘረኝ እኮ ነው የምልዎት! [ከንፈሩን እየዳሰሰ] ሩቅ ጣቢያ! ሩቅ ጣቢያ!

ሞተረኛ፦ ልጄ፣ ስትናገር አምፖሉ ይበራል።

አማች፦ እኔ ስናገር ያልበራ ነገር የለም፤ ለምጄዋለሁ።

ሞተረኛ፦ ማብሪያው ግን ጠፍቶ ነው።

[አማች ይናገራል። አምፖሉ ይበራል። ከወለሉ ሥር ያለው የውሃ ፓምፕ ተነስቶ ያጓራል። አማች ዝም ይላል። አምፖሉ ይጠፋል፣ ፓምፑ ዝም ይላል። እንደገና ይናገራል። እንደገና ያው። ራዲዮው ግን ከ«ሽሽሽ» ድምፅ በቀር ምንም የለውም።]

ሞተረኛ፦ ጣቢያው አልሰማህም። ፓምፑ ግን ሰምቶሃል።

አማች፦ ኧርዙ ስላነሰ ኃይሉ መሄጃ አጥቶ እዚህ ቤት ውስጥ እየዞረ ነው። ባልዲው አነሰ ማለት ነው።

ሞተረኛ፦ ብዬህ ነበር። ወንድሜማ ያለኝ፣ ከታች…

አማች፦ የታችኛውን የሞተር ክፍል በኋላ እናየዋለን ጋሼ፣ አሁን ጊዜ የለም! ገባኝ። ሽቦውን ወደቡ ላይ ካለው የብረት ምሰሶ ጋር አስረዋለሁ። ምሰሶው መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

ሞተረኛ፦ ስንነሳስ?

አማች፦ ወዴት?

ሞተረኛ፦ ወደ ባሕር። ጀልባ እኮ ናት።

አማች፦ ሽቦውን እናስረዝመዋለን።

ሞተረኛ፦ ጣቢያው ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

አማች፦ እና?

ሞተረኛ፦ የዚያን ያህል ሽቦ ካለን ራዲዮው ምን ይሠራልናል? ስልክ እንዘረጋበት ነበር።

አማች፦ [ሰዓቱን አይቶ ላቡን ይጠርጋል] ስምንት ከአርባ! ቆይ፣ ቆይ። አፈሩን ይንኩት። ደርቋል አይደል?

ሞተረኛ፦ [ይነካል] ደርቋል።

አማች፦ በቃ! ችግሩ እሱ ነው። እኛ ሕንፃ ላይ አፈሩ ሲደርቅብን ውሃ እናጠጣዋለን፣ ጨው እንነሰንስበታለን። ያኔ ኧርዙ ይጠነክራል። ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ፣ ጨውና ውሃ ይፈልጉ!

ሞተረኛ፦ ጨውና ውሃ?

አማች፦ ጨውና ውሃ! ገበያ ድረስ ሮጠውም ቢሆን!

ሞተረኛ፦ የጨው ውሃ ማለትህ ነው።

አማች፦ አዎ!

ሞተረኛ፦ ብዙ ይሁን?

አማች፦ በበዛ ቁጥር ይሻላል!

[ሞተረኛ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ቀኝ ያያል። ባሕር። ወደ ግራ ያያል። ባሕር። ተመልሶ ይቀመጣል።]

ሞተረኛ፦ ልጄ፣ አሁን የተንሳፈፍነው በምን ላይ ይመስልሃል?

[አንድ ሞገድ ጀልባዋን ነክቶ ያልፋል።]

አማች፦ ኤሌክትሪክና ውሃ አይገናኙም። የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ሞተረኛ፦ አሁን አፈሩን አጠጡልኝ ያልከው ማን ነው?

አማች፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እሱ… አፈር ነው።

ሞተረኛ፦ ከታች…

አማች፦ ከታች ምን? ከመጣሁ ጀምሮ ከታች፣ ከታች! ከታች ምን አለ?

ሞተረኛ፦ አስጨርሰኸኝ ታውቃለህ? ከታች፣ ከጀልባዋ ሆድ በውጭ በኩል፣ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ቁመቱ ክንድ፣ ስፋቱ ክንድ። ውሃው ውስጥ ነው። እኔና ወንድሜ ነን የገጠምነው። ብሎኑ እንጨቱን በስቶ እዚህ ጋ ይወጣል። [የወለሉን ክዳን ያነሳል] ከዚህ ብሎን እስከ ራዲዮው መዳብ መዘርጋት ነው። «ከዚያ በኋላ ባሕሩ በሙሉ ኧርዛችን ነው» አለኝ።

አማች፦ [ተንበርክኮ ወደ ጉድጓዱ ያያል] ባሕሩ በሙሉ።

ሞተረኛ፦ በባልዲ ስንት እንደሚሆን እንጃ።

አማች፦ ይሁን፣ ገባኝ! ሽቦ አለኝ፣ አሁኑኑ አስረዋለሁ!

ሞተረኛ፦ ሽቦ አይሆንም። የራዲዮ ነገር እንደ መብራት በሽቦው ሆድ አይሄድም፤ በቆዳው ላይ ነው የሚሄደው። ሰፊ መንገድ ይወዳል። [ከአልጋው ሥር መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ስስ የመዳብ ጥቅልል ያወጣል] በዚህ ነው።

አማች፦ ይህ እዚህ ነበር?

ሞተረኛ፦ ሃያ ሦስት ቀን።

አማች፦ ብሎኑ አለ፣ መዳቡ አለ፣ ዘዴውን ያውቃሉ! ታዲያ ለምን አልጨረሱትም? አፈር እስክሸከም ነው የጠበቁኝ?

ሞተረኛ፦ [ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ] የሱ ሥራ ነበራ።

አማች፦ እና?

ሞተረኛ፦ እናማ ከጨረስኩት አለቀ። ሳልጨርሰው ግን ዕቃ ሊያመጣ ወጣ ብሎ የሚመለስ ይመስለኛል። [ዝገቱን እፍ ይለዋል] ሲመሽ ደግሞ «ዛሬም አልመጣም፣ ነገ ይሁን» እላለሁ።

[አማች ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ይከትተዋል።]

አማች፦ እኔ ምን ልያዝ ጋሼ?

ሞተረኛ፦ ባልዲውን። ወደ ውጭ።

[ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። መዳቡ ከብሎኑ እስከ ራዲዮው ተዘርግቶ በሁለቱም ጫፍ ጠብቆ ታስሯል። ባልዲው ወደቡ ላይ ነው። አማች ማይኩን ከከንፈሩ አንድ ስንዝር አርቆ ይይዛል። ሲናገር አምፖሉ አይበራም፣ ፓምፑም አይነሳም።]

አማች፦ ሩቅ ጣቢያ ሩቅ ጣቢያ የረጅም ጉዞ ፈቃድ ሙከራ ነው ጀልባችን ወደብ ላይ ናት ኧርዙ ተስተካክሏል አሁን እንዴት ነው የሚሰማው ይሰማል አይሰማም?

ጣቢያው፦ [ጥርት ባለ ድምፅ] ድምፅዎ ከጎረቤት የመጣ ይመስላል። በጣም ጥሩ ነው። ከተናገሩት ግን አንድም ቃል አልያዝኩም። ቀስ ይበሉ።

አማች፦ እሺ ቀስ እላለሁ ሙከራ ነው ዘጠኝ ሰዓት የተቀጠረው አለፈ እንዳይባል ብዬ ነው ይመዝግቡልኝ!

ጣቢያው፦ ይቅርታ፣ ማን ነዎት?

አማች፦ የጀልባዋ የራዲዮ ኃላፊ! ኤሌክትሪሺያን! አርባ ሕንፃ…

ጣቢያው፦ ከወደባችሁ ቢሮ የመጣልኝ መዝገብ ኤሌክትሪሺያን አይልም። የጀልባዋ ራዲዮኛ የባለቤቱ ወንድም፣ ሞተረኛው ናቸው ይላል። እሳቸው ራሳቸው ካልተናገሩ ሙከራውን አልመዘግብም።

አማች፦ [ዞሮ] ጋሼ፣ ራዲዮኛ ነዎት እንዴ?

ሞተረኛ፦ እኔ? ራዲዮ ነክቼ አላውቅም። እኔ የሞተር ሰው ነኝ።

አማች፦ ጣቢያ፣ ስህተት ነው! ሌላ ሰው ይሆናል!

ጣቢያው፦ ፎቶም ተያይዟል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ሞተረኛ፦ እኔ ነኝ።

አማች፦ ይናገሩ እንግዲህ! ፈቃዱ በእርስዎ አፍ ነው ያለው!

ሞተረኛ፦ [ማይኩን እንደ እንቁላል ይዞ] ምን ልበል?

አማች፦ ምንም ይበሉ፣ ብቻ ቶሎ!

ሞተረኛ፦ ቶሎ አልችልም። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ሩቅ… ጣቢያ። ይህች… የወንድሜ ጀልባ ናት። ወደብ ላይ… ነን። ትሰሙናላችሁ?

ጣቢያው፦ እያንዳንዱን ቃል። እዚህ ጣቢያ ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ የሚናገር ሰው ሦስት ቢሆን ነው። ሙከራው ተመዝግቧል፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት። ፈቃዱ ይጸናል።

[አማች ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።]

አማች፦ ሠርጌ ዕለት ለምርቃት ሲነሱ «ያፍጥኑልን» ያልኩዎት እኔ ነኝ።

ሞተረኛ፦ አልጨረስኩትም ነበር።

አማች፦ ጣቢያውን ይጠይቁልኝ። እኔስ? ረዳት ምናምን ተብዬ አልተጻፍኩም?

ሞተረኛ፦ [በማይኩ] አንድ… አማች አለን። ተጽፏል?

ጣቢያው፦ [ወረቀት ይንኮሻኮሻል] የለም።

ሞተረኛ፦ የለህም ይላል።

አማች፦ ሰማሁ ጋሼ።

ሞተረኛ፦ [ማይኩን ሳያስቀምጥ] ጣቢያ… እኔን ማን ነው ያስመዘገበኝ?

ጣቢያው፦ ባለቤቱ። ራሳቸው ቢሮ ቀርበው። ሐሙስ፣ መጋቢት ፯ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ሞተረኛ፦ ፎቶውን… ለመታወቂያ ነው ብሎኝ ነበር። ለምን እኔን አለ?

ጣቢያው፦ ምክንያት የሚል መስመር አለ። ሁለት ቃል ነው የጻፉበት። «ወንድሜ አይቸኩልም።»

[ሞተረኛ ማይኩን ቦታው ይሰቅላል።]

[የወደቡ ቢሮ የገቢ መዝገብ፣ መጋቢት ፯፣ ተራ ቁጥር ፬፻፲፪፦ አንድ ማመልከቻ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ። አስረካቢው፣ የጀልባዋ ባለቤት፣ ፈረመ፣ ደረሰኙን ተቀበለ፣ ብዕሩን ለጸሐፊዋ መልሶ ወጣ።]