የምድር ቤቱን አየር ለማስተካከል በተቀረቀረ በር የተደረገ ስብሰባ

የሥራ ሥር ማከማቻ ምድር ቤት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 9
ቦታ፦ እዚያው ምድር ቤት፣ ድንች ጆንያ ላይ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20 (ጥሪው ለ2፡30 ነበር)

የተገኙ፦
1. ጡረተኛው መምህር፣ ሰብሳቢ
2. ግንበኛው፣ አባል
3. አናጢው፣ አባል (የግንበኛው እህት ባል፤ ሁለቱ አይነጋገሩም)
4. እትዬ ባለዘሯ፣ አባል
5. ዘበኛው፣ አባል (ጉልበታቸው ደረጃ ስለማያስወርዳቸው ከበሩ ውጭ)
6. የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ዘበኛው አንድ ጊዜ ካንኳኩ እንደ ድጋፍ፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኩ እንደ ተቃውሞ እንዲቆጠር ስምምነት ተደርሶ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ። ሰብሳቢው ምስጢር እንዳይወጣ በሩ ከውስጥ እንዲቀረቀር አዘዙ። ምስጢሩ ምን እንደሆነ አልተገለጸም።

አጀንዳ 1፦ ምድር ቤቱ አየር ያስፈልገዋል ወይ?

እትዬ ባለዘሯ ድንቹ እያላበው መሆኑን፣ ከሦስት ጆንያ የዘር ድንቻቸው አንዱ መበስበሱን፣ የቀሩት ሁለቱም ከበሰበሱ በመጪው ወር የሚተክሉት እንደማይኖራቸው አስረድተው «እባካችሁ ነፋስ ይግባ» ሲሉ ለመኑ። ግንበኛው ነገሩ ለማን እንደተወረወረ እንደገባቸው፣ በእርሳቸውና በአማቻቸው መካከል ነፋስ መግባቱም ኮሚቴውን እንደማይመለከት በቁጣ ገለጹ። አናጢው ፊታቸውን ወደ ጸሐፊው አዙረው፣ ነፋሱ የገባው መሰላል ተውሶ በማይመልስ ሰው ምክንያት መሆኑ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ተጽፏል። እትዬ ባለዘሯ «ኧረ እኔ የማወራው ስለ ድንች ነው፣ ልጆቼ» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ለቤተሰብ ሰላም ሲባል «ነፋስ» የሚለው ቃል ቀርቶ «የሚንቀሳቀስ አየር» እንዲባል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የሚንቀሳቀሰው አየር በየት ይግባ?

ግንበኛው ከላይ ግድግዳው እንዲበሳ ሐሳብ አቀረቡ። አናጢው፣ ግንበኛው ከላይ ስላሉ ብቻ፣ ከታች እንዲበሳ ጠየቁ። እትዬ ባለዘሯ ቀዝቃዛው በታች እንዲገባ፣ የሞቀው በላይ እንዲወጣ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ምድር ቤቱን የሠሩት በዚሁ መንገድ እንደነበር ተናገሩ። ሰብሳቢው በአንድ አጀንዳ ሁለት ቀዳዳ እንደማይፈቀድ ገለጹ።

በዚህ መካከል ፋኖሱ ደበዘዘ። ግንበኛው አዛጉ፤ አናጢውም አዛጉ። ከመሰላሉ ወዲህ በአንድ ነገር ሲተባበሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ድምፅ ሊሰጥ ሲል በሩ ሃያ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሰብሳቢው ዘበኛውን ከድርሻቸው በላይ ድምፅ በመስጠታቸው ገሠጹ። ዘበኛው «ኧረ አላችሁ ወይ?» ብለው መጮኻቸው ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ ታልፏል። ጸሐፊው መሐሉን ከማያስታውሰው ረጅም ውይይት በኋላ፣ አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋምና ምድር ቤቱ እስከ መስከረም ታሽጎ እንዲቆይ ተወሰነ።

እትዬ ባለዘሯ «ዘሬ አፈር ሳይነካ አፈር ሊሆን ነው!» ብለው ተነሡ። አስቀድመው ከወለሉ አጠገብ፣ ቀጥለውም ጆንያ ላይ ወጥተው ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው ውስጥ እጃቸውን በመክተት ሁለት ጥቅል ወረቀት ጎትተው አወጡ። የሚንቀሳቀስ አየር ገባ። ፋኖሱ ቦግ አለ።

ወረቀቶቹ ሲፈቱ የአምናና የካቻምና ቃለ ጉባኤዎች ሆነው ተገኙ። ሁለቱም «የምድር ቤቱ ቀዳዳዎች በአስቸኳይ ይከፈቱ» ይላሉ። ጸሐፊው ሲጠየቅ፣ ቃለ ጉባኤ እርጥበት በማይነካው ቦታ እንዲቀመጥ መታዘዙን፣ በምድር ቤቱ ውስጥም ከሁለቱ ቀዳዳዎች ሌላ ደረቅ ቦታ አለማግኘቱን አስረዳ። ጸሐፊው ማፈሩ ይመዝገብለት።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ያለ አየር የተወሰነ በመሆኑ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። «ነፋስ» ወደ ቃልነቱ ተመልሷል። በሩ ተከፍቶ ሳለ ዘበኛው ለደንቡ አንድ ጊዜ አንኳኩተዋል።

ስብሰባው 5፡05 ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው ይህም ቃለ ጉባኤ እንደ ወትሮው ደረቅ ቦታ እንዲቀመጥ አዘዙ። ጸሐፊው ሊያስቀምጥ ሲሄድ፣ እትዬ ባለዘሯ የቀሩትን ሁለት ጆንያዎች ግራና ቀኝ አድርገው ታችኛው ቀዳዳ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። «እስቲ ሞክራትና እንተያያለን» አሉት።

ቃለ ጉባኤው እስካሁን ጸሐፊው ኪስ ውስጥ ነው።